ከታጠነ ቅል እስከ ቤተ ሙከራ፦ የእርጎ ባክቴሪያዎች የምርምር ታሪክ

በ1977 ዓ.ም. በድርቅና በረሀብ የተጎዱ የወሎ፣ የከምባታ፣ የሐዲያና የሌሎች አካባቢዎች ገበሬዎች በመንግሥት የሰፈራ መርሐ ግብር ወደ በለስ ሸለቆ፣ ፓዌ ተወሰዱ። ሥፍራው የገንዲ በሽታ የሚያጠቃው ቆላ በመሆኑ ከብት ማርባት ቀላል አልነበረም። ሙቀቱም ወተትን ቶሎ ያበላሻል። ስለዚህ የተገኘችውን ጥቂት ወተት ማቆየት የሚያስችለው የአባቶችና የእናቶች ዕውቀት እጅግ ተፈላጊ ነበር።

በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች ወተት የሚረጋው በወይራና በመሰል እንጨቶች ጭስ በታጠነ ቅል ወይም ማሰሮ ነው። ወተቱ አይፈላም፤ እርሾም አይጨመርበትም። ሥራውን የሚሠሩት በወተቱና በዕቃው ውስጥ ያሉ ላክቲክ አሲድ አመንጪ ባክቴሪያዎች ናቸው።

እነዚህን ረቂቅ ተሕዋስያን ለይቶ የማወቁ ጥረት ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1905 ቡልጋሪያዊው ስታመን ግሪጎሮቭ በጄኔቫ የሀገሩን እርጎ መርምሮ የሚያረጋውን ባክቴሪያ ለየ። ኤልያ ሜችኒኮቭም በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የረጋ ወተት ለጤናና ለዕድሜ ይጠቅማል የሚለውን አሳብ አስፋፋ።

በኢትዮጵያ ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1994 እርጎ ሲረጋ የሊስቴሪያን ዕጣ፣ በ1996 ደግሞ የዕቃ መታጠንና የሙቀት መጠን በእርጎ ጥራት ላይ ያላቸውን ውጤት አሳተመ። አልማዝ ጎንፋና ባልደረቦቿ በ2001 የሀገሪቱን ባህላዊ የረጉ የወተት ውጤቶች አሰባስበው ገለጹ። ከእነዚህ ጥናቶች የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው፦ ማጠንና መኮምጠጥ ጎጂ ተሕዋስያንን ይገታሉ፤ ሆኖም ሁሉንም ወዲያውኑ አይገድሉም።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 በሰጡት ፍቺ መሠረት፣ ፕሮባዮቲክ የሚባለው በበቂ መጠን ሲወሰድ ለተጠቃሚው የጤና ጥቅም የሚያስገኝ ሕያው ተሕዋስ ነው። ስለዚህ ከእርጎ የተገኘ ባክቴሪያ ዝርያው በዘረ መል ሊታወቅ፣ የጨጓራን አሲድና የሐሞትን ኃይል መቋቋሙ ሊፈተን፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን የመቋቋም ባሕርይ አለማስተላለፉ ሊረጋገጥ፣ በመጨረሻም ጥቅሙ በሰው ላይ ሊታይ ይገባል። እርጎ ሁሉ ፕሮባዮቲክ ነው ማለት አይቻልም።

ይህ ልዩነት ለጤና ባለሙያው የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ካልፈላ ወተት የተዘጋጀ እርጎ የብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስያን ሊይዝ ይችላል። ወተቱን ማፍላት ደግሞ ጠቃሚዎቹንም ያጠፋል። መፍትሔው አፍልቶ ማቀዝቀዝና ለብ ባለ ጊዜ ቀደም ሲል ከፈላ ወተት ከተዘጋጀ እርጎ ጥቂት ማንኪያ መጨመር ነው። እናቲቱ ቅሏን ማጠኗን እንድትተው መምከር አያስፈልግም፤ የሚጨመርላት ማፍላቱ ነው። ምርምሩም ተፈላጊዎቹን ዝርያዎች ለይቶ አስተማማኝ እርሾ እስኪያቀርብ ድረስ፣ የፓዌም ሆነ የሌላው አካባቢ ሕፃን ከእርጎው ጥቅሙን እንጂ በሽታውን እንዳይወርስ የሚጠብቀው ይህ ምክር ነው።