የርስት መሬትና የዘር ተራ በቢቸናና በሞጣ

የጎጃሞቹ የቢቸናና የሞጣ ስም በታሪክ መጻሕፍት ጎልቶ የሚነሣው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ፣ ገበሬው ግብሩ የርስቱ መለካትና መነጠቅ መቅድም መስሎት ስለ ሸፈተ፣ መንግሥትም እግረኛ ጦር ብቻ ሳይሆን አውሮፕላን ጭምር ስላዘመተበት ነው። ስለዚያ መከራ ብዙ ተጽፏል፤ ያ ሕዝብ ደሙን ያፈሰሰለት መሬት ለዘመናት እየታረሰ እንዴት ፍሬ ሲሰጥ እንደ ኖረ ግን እምብዛም አልተነገረም።

ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለ ነበር፣ የአንዱ ገበሬ ድርሻ አንዱ በጥቁሩ መረሬ ሜዳ፣ አንዱ በቀዩ ተዳፋት፣ አንዱ በቤቱ ጓሮ ተበታትኖ ይገኝ ነበርና፣ አንዱን ማሳ በጤፍ፣ ሌላውን በባቄላ ሲይዝ የደከመውን ጦሙን ለማሳደር ይበቃው ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 25 ምድር በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ታዝዛለች።

የዚህ አስተራረስ ጥበብ ልብ ግን የዘር ተራው፣ ማለትም በአንድ ማሳ ላይ ዘርን እያፈራረቁ መዝራቱ ነው። ጤፍ ከመሬቱ የወሰደውን ጥራጥሬ ይመልሳል፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በመረሬው ላይ የተኛው ውኃ ሲሸሽ፣ ሽምብራውና ጓያው ተዘርተው አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ይደርሳሉ። በሥሮቻቸው ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ሕያዋን ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ እንደሚመግቡ ሄልሪጌልና ዊልፋርት የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት የገለጡት በፈረንጆች 1886 ነው፤ የእኛ ገበሬ ምክንያቱን ሳያይ ውጤቱን በሚቀጥለው ዓመት ጤፍ ልምላሜ ያውቀው ነበር። ዘር ሲለወጥም አንዱን ሰብል ብቻ የለመደ አረምና በሽታ መጠጊያ ያጣል። ጓያ ግን ለብዙ ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግር እንደሚሰብር ልብ ይሏል።

ኦሪት በአንድ እርሻ ሁለት ዓይነት ዘር መዝራትን ትከለክላለች፤ በደጋችን ግን ባቄላና አተር አብሮ መዝራት የቆየ ልማድ ነው፤ ሐረጉ የሚወድቀው አተር በባቄላው አገዳ ተደግፎ ቀና ይላል፣ አንዱ በበሽታ ወይም በውርጭ ቢመታ ሌላው ጎተራውን ባዶ አያስቀረውም።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ሲበዛ ማሳ ጠበበ፣ ጦሙን የሚያድር መሬትም ጠፋ። በሁለት ጥማድ የሚተዳደር ሰው ዘንድሮም ለከርሞም ጤፍ ቢዘራ አይፈረድበትም፤ ማዳበሪያውም ረድቶታል፣ ነገር ግን ማዳበሪያ የጥራጥሬን ተራ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ስለዚህ የግብርና ባለሙያዎቻችን ለገበሬው ማዳበሪያ ሲያቀርቡ ምርጥ የባቄላና የሽምብራ ዘርም በጊዜው አብረው ያቅርቡለት።