ከካላባር ማግስት

ኅዳር 7 ቀን 2006 ዓ.ም. ምሽት እኛ ሰፈር፣ ጎፋ፣ ጨዋታውን ሲያይ የነበረው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ። ዋልያዎቹ ካላባር ላይ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈው የብራዚሉ ዓለም ዋንጫ በር ተዘጋ። ከወር በፊት አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ አግብቶልን፣ ኤምኒኬ ሁለት አስቆጥሮ 2 ለ 1 ተሸንፈን ነበር።

ሽንፈቱ የሚያሳፍር አልነበረም። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገባ፣ በምንያህል ተሾመ የቢጫ ካርድ ጉዳይ 3 ነጥብ ተቀንሶበት እንኳ ምድቡን በአንደኝነት የጨረሰ ቡድን ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ በማግስቱ ምን ሠራን?

የጎደለን ግልጽ ነበር፤ ጎል። በሁለቱ ጨዋታ ያገባነው አንድ ነው። በጥር ቻን ላይ ደግሞ ሦስቱንም ተሸንፈን፣ አንድም ሳናገባ ከደቡብ አፍሪካ ተመለስን። እኛ ግን አሰልጣኝ ቀየርን። ሰውነት ቢሻው ሄዱ፣ ፖርቹጋላዊው ባሬቶ መጡ። በቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በ6 ጨዋታ 4 ነጥብ ይዘን የምድቡ መጨረሻ ሆንን። አፍሪካ ዋንጫን ዳግም ያየነው በ2014 ዓ.ም.፣ በውበቱ አባተ ጊዜ ነው።

አሰልጣኝ በአንድ ፊርማ ይቀየራል። አጥቂ ግን ከሰፈር ሜዳ ነው የሚበቅለው። የእኛ ሰፈር ልጆች ዛሬ የሚጫወቱት ኮንዶሚኒየም መሀል፣ በቆሙ መኪኖች መካከል ነው። እንግዲህ «ማንን እንቅጠር?» ከማለታችን በፊት «ልጁ የት ይጫወት?» እንበል።