ስለ ቅርብ ከዋክብት ርቀትና ስለ አለካኩ ታሪክ

በአገራችን የመንገድ ርዝመት በኪሎ ሜትር መነገር ከመጀመሩ በፊት፣ መንገደኛ ስለሚሄድበት አገር ርቀት ሲጠየቅ «የሦስት ቀን መንገድ ነው» ወይም «የሰባት ቀን መንገድ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። ርቀትን በጊዜ መስፈሩ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የከዋክብትን ርቀት የሚናገሩበትም ዘዴ ከዚህ የተለየ አይደለም። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከፀሐይ ተነሥቶ ወደ ምድራችን ለመድረስም 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ 9 ሺህ 460 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህ ልክ «የብርሃን ዓመት» ይባላል። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ የ4.24 የብርሃን ዓመት መንገድ ነው።

አባቶቻችን ሰማይን በመመርመር ረገድ ወደ ኋላ የቀሩ አልነበሩም። ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተገኘው መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ብርሃናት አካሄድ ሲተርክ፣ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት ደጆችና የምትገባባቸውን ስድስት ደጆች ይቆጥራል፤ ዓመቱንም 364 ቀን ያደርገዋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰውን አቡሻህርን እየመረመሩ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ ኖረዋል። ነገር ግን የእነዚህ መጻሕፍት ጥያቄ «መቼ?» የሚል ነው እንጂ «ምን ያህል ይርቃል?» የሚል አልነበረም። ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሰው ልጅ ሁሉ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆኖበታል።

የአለካኩ ምሥጢር በጣም ቀላል ነው። ከፊታችን ያለውን የመብራት ምሰሶ እያየን ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ብንሄድ፣ ምሰሶው ከበስተ ኋላው ካለው ከእንጦጦ ተራራ አንጻር ቦታውን የለወጠ ይመስላል። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር በስድስት ወር ውስጥ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ተሻግራ ስለምትገኝ፣ በመስከረምና በመጋቢት የታየ ቅርብ ኮከብ ከሩቆቹ አንጻር ፈቀቅ ብሎ መታየት አለበት። በ16ኛው መቶ ዓመት ቲኮ ብራሄ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ይህን ፈቀቅታ ፈልጎ ባያገኘው፣ ምድር አትንቀሳቀስም ለማለት አንዱ ማስረጃ አደረገው። ስሕተቱ ከዋክብት ይህን ያህል ይርቃሉ ብሎ ለመገመት አለመቻሉ ነበር። ቅርብ ለሆኑት ከዋክብት እንኳ የፈቀቅታው ማዕዘን ከአንድ ሴኮንድ፣ ማለት ከአንድ ዲግሪ 3600ኛ እጅ፣ ያነሰ ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቢታይ እንደሚይዘው ማዕዘን ያህል ነው።

ይህን ማዕዘን መጀመሪያ ለክቶ ለዓለም በማስታወቅ የሚመሰገነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ጀርመናዊው ቤሰል ነው። የለካውም 61 ሲግኒ የተባለውን ኮከብ ነበር። ነገር ግን ከእርሱ በፊት፣ በ1832ና በ1833፣ ቶማስ ሄንደርሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ በአፍሪካችን ደቡብ ጫፍ፣ በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር፣ አልፋ ሴንታውሪን ሲመለከት ቆይቶ የሚበቃውን ቁጥር ይዞ ነበር። ውጤቱን ሳያስታውቅ ስለ ዘገየና በ1839 ስላወጣው ቀዳሚነቱን ለቤሰል ለቀቀ። ደግሞም በ1915 ሮበርት ኢነስ የዚሁ ኮከብ ጎረቤት የሆነውን ደብዛዛውን ፕሮክሲማን ያገኘው በጆሃንስበርግ ነው። ስሙም በላቲን «ቅርቢቱ» ማለት ነው። ስለዚህ ለፀሐይ ቅርብ የሆኑት ከዋክብት የተለኩትም የተገኙትም ከአፍሪካ ምድር ላይ ነው። መሬቱ የእኛ ሆኖ ሳለ ለካዮቹ ግን ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ።

የርቀቱን መጠን ቁጥር ብቻውን በልብ ሊያሳድረው አይችልም። ስለዚህ ምሳሌውን ለብዙ ዘመን እህል ሲሰፈርበትና ሲሸጥበት ከኖረው ከመርካቶው የመሳለሚያ ሰፈር እንውሰድ። ፀሐይን አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላት ሽምብራ መስለን መሳለሚያ ላይ ብናስቀምጣት፣ ምድር ሁለት ክንድ ያህል ርቃ የምትገኝ የዱቄት ብናኝ ትሆናለች። ከፕላኔቶች ሁሉ የራቀው ኔፕቱን 32 ሜትር ላይ ይውላል። ከዚያ በኋላ ቀጣዩን ኮከብ ለማግኘት 290 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በመኪና መንገድ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር ነው። በዚያ የምናገኛት ፕሮክሲማ ከሰናፍጭ ፍሬ አትበልጥም። አልፋ ሴንታውሪ ከ4.3 የብርሃን ዓመት በላይ ርቀው የሚገኙ ሁለት ሽምብራዎች ናቸው፤ አንደኛው ከፀሐይ ጥቂት ይበልጣል፤ ሁለተኛው ጥቂት ያንሳል። ባርናርድ የተባለው ኮከብ 6 የብርሃን ዓመት ገደማ፣ በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት በድምቀቱ የሚበልጠው ሲሪየስ ደግሞ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃሉ። በምሳሌያችን ሲሪየስ ባሕር ዳር አካባቢ ይውላል። በ1977 ከምድር የተነሣችው ቮየጀር 1 የተባለችው መንኰራኵር በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ ነገር ግን በዚህ ፍጥነት ወደ ፕሮክሲማ ብታመራ 75 ሺህ ዓመት ያህል ይፈጅባታል።

አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ለዚህ ጥናት የተመቸች ናት። ለአውሮፓ አገሮች ከአድማስ በታች የሚቀረው አልፋ ሴንታውሪ በአዲስ አበባ ሰማይ እስከ 20 ዲግሪ ከፍ ይላል። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በ2019ም ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለልዩ ልዩ አገሮች ኮከብ እንዲሰይሙ ዕድል በሰጠ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተብሏል። ርቀቱ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ስለሆነ፣ ዛሬ ከእርሱ የሚደርሰን ብርሃን የተነሣው ቤሰልና ሄንደርሰን ገና ሥራቸውን ሳይፈጽሙ ነው።

ስም ማውጣት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ሆኖም ስም መስጠትና መለካት አንድ አይደሉም። ስለዚህ መምህራን በግንቦት ወር፣ ሰማዩ በጠራ ምሽት፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ተማሪዎቻቸውን ወደ ደቡብ አዙረው አልፋ ሴንታውሪን ቢያሳዩአቸው፣ የአለካኩንም ታሪክ ቢነግሯቸው መልካም ነው። መሳለሚያ ማለት ሰው ቆሞ ሰላምታና አክብሮት የሚያቀርብበት ቦታ ማለት ነው። ለከዋክብትም ምድራችን መሳለሚያ ናት፤ ልንደርስባቸው ባንችል እንኳ ቆመን ልንለካቸው እንችላለን። ሄንደርሰን ከአፍሪካ ምድር የጀመረውን ሥራ ከእንጦጦ ላይ የሚቀጥሉት የዛሬ ተማሪዎች እንዲሆኑ መትጋት የሁላችንም ፈንታ ነው።