ከጊንጪ የሚነሳው የአዋሽ ወንዝ የዓሣ ዝርያዎችና የምግብ ሰንሰለታቸው

የአዋሽ ወንዝ በኦሮሚያ ክልል ምዕራብ ሸዋ ዞን በጊንጪ ከተማ አቅራቢያ ከሚገኙት የደንዲ ወረዳ ከፍተኛ ቦታዎች ይመነጫል። 1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላም የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሳይደርስ በአፋር ክልል በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። ወንዙ ከባሕር ጋር የማይገናኝ በመሆኑ በውስጡ የሚኖሩ ዓሦች ቁጥራቸው ቢመናመን ከባሕር በኩል የሚተካቸው የለም። በዝርያ ብዛትም አዋሽ ከ100 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ከተመዘገቡበት የባሮ አኮቦ ተፋሰስ በእጅጉ ያንሳል።

ተመራማሪዎች የአንድን ውኃ የዓሣ ሀብት ሲያጠኑ በቅድሚያ የሚያነሱት ጥያቄ ምግቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ጥያቄው ለጥልቅ ባሕርም ሆነ ለጊንጪ ጅረቶች አንድ ነው።

በባሕር ውስጥ ከ200 ሜትር ጥልቀት በታች ለዕፅዋት እድገት የሚበቃ የፀሐይ ብርሃን አይገኝም። በመሆኑም በዚያ የሚኖሩ ዓሦች በአብዛኛው ከላይ ወደታች በሚረግፈው የሞቱ ሕያዋን ቅሪት፣ ቅሪቱን በሚመገቡ ትናንሽ እንስሳት ወይም እርስ በርስ በመበላላት ይኖራሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሌሊት ወደ ላይኛው ውኃ ወጥተው ተመግበው ሲነጋ ወደ ጥልቁ ይመለሳሉ። ለአገራችን ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕር በዚህ ረገድ የተለየ ነው። በባብ ኤል መንደብ መግቢያ ላይ ያለው የባሕር ወለል ወደ ላይ ከፍ ብሎ ጥልቀቱ 140 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከሕንድ ውቅያኖስ ጥልቅ ክፍል ቀዝቃዛ ውኃ አይገባበትም። በሌሎች ውቅያኖሶች ጥልቅ ውኃው ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን፣ የቀይ ባሕር ጥልቅ ውኃ ግን 21 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። በዚህ ሙቀት ከላይ የሚረግፈው ምግብ ገና ወለሉ ላይ ሳይደርስ በፍጥነት ይበሰብሳል፤ ለታችኞቹ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

በጊንጪ አካባቢ የሚገኙ ጅረቶችም በተወሰነ ደረጃ ከላይ በሚመጣ ምግብ የሚኖሩ ናቸው። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበቅሉበት የጭሊሞ ደን ለላይኛው አዋሽ ጅረቶች መነሻ ሲሆን፣ ከዛፎቹ የሚረግፈው ቅጠል በውኃው ውስጥ ላሉ የነፍሳት እጮች ምግብ ይሆናል። እጮቹን ደግሞ ዓሦች ይመገቧቸዋል። ሌላው የምግብ ምንጭ ፀሐይ በሚያርፍባቸው ድንጋዮች ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ ነው።

ይህን አልጌ ከሚመገቡት ዋነኛዋ በሳይንሳዊ ስሟ ጋራ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ናት። ከታችኛው ከንፈሯ ሥር ባለው ክብ መጣበቂያ አማካይነት ድንጋይ ላይ ተለጥፋ የውኃውን ኃይል ትቋቋማለች። ኢትዮጵያዊው የዓሣ ሳይንስ ምሁር አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ለሳይንስ አስተዋውቀዋል። ከእነርሱም አንዷ መጣበቂያዋ እየቀነሰ የሄደ በመሆኑ ስሟ ይህንኑ የሚገልጽ ነው። ጋራ ገበያ የምትወጣ ዓሣ ስላልሆነች በዓሣ ምርት መዝገብ ውስጥ ቦታ የላትም። ይሁንና አልጌውን ወደ ሥጋ ለውጣ ለትልልቆቹ ዓሦችና ለወፎች የምታቀርበው እርሷ ናት።

ከጋራ ከፍ የሚለው ቢልጫ ያገኘውን ሁሉ የሚመገብ ሲሆን፣ በክረምት ወራት ጠጠር ወዳለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል። ወንዙ ወደታች እየሰፋና እየሞቀ ሲሄድ ቆሮሶና አምባዛ ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ለኃይል ማመንጫነት የተሠራ ቢሆንም፣ ከግድቡ በታች ያሉት ዓሦች ወደላይ እንዳይወጡ መንገዱን ዘግቷል። በሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ከሚያገኟቸው መካከል አንዱ የሆነው ካርፕም የአገሩ ተወላጅ ሳይሆን ከውጭ የመጣ ዓሣ ነው።

የምግብ ሰንሰለት ሲናጋ የሚደርሰውን ጉዳት ጣና ሐይቅ በሚገባ ያሳያል። ሐይቁ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ምክንያት ከታችኛው የዓባይ ዓሦች ተለይቶ በመቆየቱ የቢልጫ ወገን የሆኑ 15 ያህል ዝርያዎች በውስጡ ተገኝተዋል። ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ሲሆኑ፣ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ለሌለው ለዚህ ወገን ይህ እንግዳ ነገር ነው። በጥናት እንደተረጋገጠው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በ75 በመቶ ቀንሷል። ዋነኛው ምክንያትም እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ በመረብ መያዛቸው ነው።

በላይኛው አዋሽ አሳሳቢ የሚሆነው ከመረብ ይልቅ አፈር ነው። ጊንጪ በዋልካ አፈሯ የታወቀች ናት። ከተራቆተ ተዳፋትና ከማሳ በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ድንጋዩን ሲሸፍን አልጌው አይበቅልም፤ ጋራ የምትለጠፍበት ታጣለች፤ ቢልጫም እንቁላሉን የሚጥልበት ንጹሕ ጠጠር አያገኝም። በአገራችን ወንዞች ዓሣ ለመያዝ ጥቅም ላይ የሚውለው የብርብራ ፍሬ ዱቄትም ትልቁን ከትንሹ፣ ዓሣውን ከነፍሳቱ ሳይለይ ይገድላል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ዓሣው ለገበያ በማይቀርብበት ትንሽ ጅረት ላይ ሕግን ማስከበር ቀላል አይደለም።

ጥናቱ ውድ መርከብ አያስፈልገውም። የጥልቅ ባሕር ተመራማሪዎች የሚጠቀሙባቸው ሁለቱ ዋና ዘዴዎች ለጅረትም ይሠራሉ። አንደኛው የዓሣውን ሆድ ከፍቶ የበላውን መለየት ነው። ይህ የዕለቱን ምግብ ብቻ ስለሚያሳይ፣ ሁለተኛው ዘዴ በጡንቻው ውስጥ ያለውን ከባድ የናይትሮጅን ዓይነት ይለካል። መጠኑ ከበይ ወደ በይ እየጨመረ ስለሚሄድ ዓሣው በሰንሰለቱ ውስጥ ያለበትን ደረጃ ያመለክታል። ናሙናው ከክረምት በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ መወሰድ ይኖርበታል፤ ጎርፍ ድንጋዩን ምን ያህል እንደሸፈነ የሚታወቀው ሁለቱ ሲነጻጸሩ ነውና። የብሔራዊ ዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው በዚሁ በላይኛው አዋሽ ተፋሰስ፣ በሰበታ ከተማ ነው።