ከመስኮት ደፍ እስከ ቫን፦ የብሪታንያ መስኮት ጠራጊዎችና የንጹሕ ውሃ ታሪክ

የብሪታንያ ፓርላማ በ1847 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የደነገገው የከተሞች ፖሊስ ሕግ በ28ኛው አንቀጹ ጥቃቅን የሚመስሉ ብዙ የመንገድ ላይ ጥፋቶችን ይዘረዝራል። መንገድ ላይ ምንጣፍ ማራገፍ አንዱ ነው። በዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ የቤት ባለቤት አገልጋዩን በመስኮት ደፍ ላይ፣ ማለትም ከመስኮቱ ግርጌ ወደ ውጭ ወጣ ባለው ጠባብ እርከን ላይ፣ ቆሞ መስኮቱን ከውጭ እንዲያጸዳ ቢያዝ ወይም ቢፈቅድ እስከ 40 ሽልንግ ሊቀጣ እንደሚችል ተደንግጓል፤ ከቅጣቱ ነጻ የተደረጉት ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የምድር ቤት መስኮቶች ብቻ ነበሩ። ሕጉ ተጠያቂ ያደረገው ደፉ ላይ የቆመውን ሳይሆን ያቆመውን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከዚያ በኋላ በነበረው የሙያው ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄም ይኸው የጠራጊው እግር የት ይቁም የሚለው ነው፤ የመስታወቱ ጥራት ምን ጊዜም ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነበር።

ሕጉ በወጣበት ዘመን መስታወት ከባለጸጎች ቤት አልፎ ወደ ተራው ሕዝብ ቤት መግባት መጀመሩ ነበር። በእንግሊዝ ከ1696 ጀምሮ በመስኮቶች ብዛት የሚሰላ ግብር ይከፈል ስለነበር ብዙ ባለቤቶች መስኮቶቻቸውን በጡብ ይደፍኑ ነበር፤ የዚያ ዘመን ድፍን መስኮቶች በአሮጌ ቤቶች ላይ ዛሬም ይታያሉ። በመስታወት ምርት ላይ የተጣለው ቀረጥ በ1845፣ የመስኮት ግብሩ ደግሞ በ1851 ሲነሣ፣ በዚያው በ1851 በለንደን ሃይድ ፓርክ ወደ 300,000 የሚጠጉ መስታወቶች የተገጠሙለት ክሪስታል ፓላስ የተባለው የዓውደ ርእይ አዳራሽ ተከፈተ። መስታወት እየረከሰና መስኮቱ እየሰፋ በሄደ ቁጥር፣ በተለይ የድንጋይ ከሰል ጭስ ዕለት በዕለት ጥላሸት በሚያራግፍባቸው ከተሞች፣ ጽዳቱ ከቤት አገልጋይ እጅ ወጥቶ መሰላልና ባልዲ ይዞ በየደጁ ለሚዞር ባለሙያ ተላለፈ። ይህ ሰው በየተወሰነ ጊዜ እየተመላለሰ የሚያጸዳላቸው የቤቶች ስብስብ «ራውንድ» ይባላል። ራውንድ እንደ ንብረት የሚሸጥና የሚገዛ በመሆኑ፣ ለብዙ ቤተሰቦች መሰላሉን ከነደንበኞቹ ከአባት ወደ ልጅ የማስተላለፊያ መንገድ ሆኖ ቆይቷል። በስኮትላንድ በ1982 የወጣው የከተማ አስተዳደር ሕግ ደግሞ መስኮት ጠራጊነትን ፈቃድ ከሚጠየቅባቸው ሥራዎች ተርታ አስገብቶታል፤ መሰላል ይዞ የሰው መኝታ ቤት መስኮት ድረስ የሚወጣ ሰው ማንነቱ ቢታወቅ ይሻላል ከሚል እሳቤ የመጣ ይመስላል።

መሣሪያው ለረጅም ጊዜ አልተለወጠም። ባልዲ፣ ለስላሳ ቆዳ እና ስክሪም የሚባለው ሳሳ ያለ የበፍታ ጨርቅ ይበቁ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ከጣሊያን የፈለሰውና በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከተማ መስኮት በመጥረግ ይተዳደር የነበረው ኤቶሬ ስቴኮኔ፣ ሁለት የጎማ ምላስ የነበረውንና ጎማውን ለመቀየር ብዙ ብሎን መፍታት የሚጠይቀውን ከባድ የብረት መጥረጊያ ትቶ፣ ከነሐስ የተሠራና አንድ ስል የጎማ ምላስ ያለው ቀላል መጥረጊያ በ1936 አወጣ። በዚያው ዓመት በብሪታንያ ጆርጅ ፎርምቢ ስለ አንድ መስኮት ጠራጊ የዘፈነው አስቂኝ ዘፈን እጅግ ተወደደ፤ ጠራጊው በየመስኮቱ የሚያየው ነገር ለጨዋ ጆሮ አይመጥንም ተብሎ ቢቢሲ ከሬዲዮ ስርጭት እንዳገደውም ይታወቃል። አዲሱ መጥረጊያ ሥራውን አፋጠነው፤ ጠራጊው ግን ዘፈኑ እንደሚያሳየው አሁንም መሰላል ላይ ነበር።

ጠራጊውን መሬት ላይ አቁሞ ብሩሹን ወደ ላይ መላክ የሚለው ሐሳብ ራሱ አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ ከአሉሚኒየም የተሠሩና በውስጣቸው ወይም በጎናቸው ውሃ የሚያልፍባቸው ረጃጅም ዘንጎች በ1950ዎቹ ገበያ ላይ ነበሩ። እንቅፋቱ ውሃው ነበር። የቧንቧ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየምን የመሳሰሉ የሟሙ ማዕድናት ስላሉበት፣ መስታወት ላይ የቀረችው ጠብታ ስትተን ማዕድኑን ነጭ ነጥብ አድርጋ ትተወዋለች። መሰላል ላይ ያለ ሰው ጠብታው ሳይደርቅ በጎማና በጨርቅ ይሰበስበዋል። ሰባት ሜትር ርቆ መሬት ላይ የቆመ ሰው ግን ይህን ማድረግ ስለማይችል፣ ዘንጉ ለፋብሪካና ለትልልቅ ሕንጻዎች ሻካራ እጥበት ካልሆነ በቀር ለመኖሪያ ቤት እምብዛም አልተፈለገም። መስታወቱ ሳይወለወል በራሱ ደርቆ ጥርት እንዲል፣ ውሃው ሲተን የሚተወው ነገር መኖር የለበትም።

እንዲህ ያለው ውሃ የተገኘው ከመስኮት ጽዳት ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው ሰዎች ድካም ነው። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የግብርና ማኅበር ኬሚስት የነበረው ጄ. ቶማስ ዌይ፣ አፈር የማዳበሪያን አሞኒያ ይዞ በምትኩ ካልሲየም እንደሚለቅ በ1850 አሳወቀ፤ ይህ የመለዋወጥ ጠባይ ከጊዜ በኋላ አየን ልውውጥ ተባለ። በለንደን አቅራቢያ በቴዲንግተን የሚሠሩት አዳምስና ሆምስ በ1935 ይህንኑ የሚያደርግ ሰው ሠራሽ ሬዚን ሠሩ። ሬዚን የአሸዋ ቅንጣት የሚያክሉ ድቡልቡል ፍሬዎች ናቸው፤ ውሃ በመካከላቸው ሲያልፍ ማዕድኑን ይዘው በቦታው የውሃን ንጥረ ነገሮች ይለቃሉ፣ ሲጠግቡ ግን መቀየር አለባቸው። ሁለተኛው መንገድ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይባላል፤ ውሃን በከፍተኛ ግፊት እጅግ ስስ በሆነ ሜምብሬን ውስጥ በማሳለፍ ማዕድኑን ወደ ኋላ ያስቀራል። ለሥራ የሚበቃ ሜምብሬን በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ሲሆኑ፣ በ1965 በዚያው ግዛት በምትገኘው የኮሊንጋ ከተማ ለነዋሪዎች የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ሆኖ ተተከለ። ሜምብሬኑ ከትልልቅ ማጣሪያዎች አልፎ በቤት ጓሮ ሊገጠም የሚችል ዕቃ እስኪሆን ድረስ አሥርት ዓመታት አለፉ።

በ1990ዎቹ በብሪታንያ ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ዘንጉ፣ የተጣራው ውሃና ቫኑ፣ አንድ ላይ ተገናኙ። ከዚያም በሚያዝያ 2005 በከፍታ ላይ የሚከናወን ሥራን የሚመለከተው ደንብ በሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ መሰላልን እንደከለከለ ተደርጎ በሙያው ውስጥ በሰፊው ቢወራም ይህ ስሕተት ነው፤ የሚለው፣ ሥራው ከፍታ ላይ ሳይወጡ ሊሠራ የሚችል ከሆነ አይወጣ፣ መሰላልም አደጋው አነስተኛ ለሆነና አጭር ጊዜ ለሚወስድ ሥራ ብቻ ይዋል ነው። ያም ሆኖ «ሳይወጡ ሊሠራ የሚችል» የሚለው ሐረግ ለመስኮት ጠራጊ ትርጉም ያገኘው ውሃው ስለተገኘ ነውና፣ ደንቡ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱ ያጠራጥራል።

በቫን ላይ የሚተከለው ሥርዓት ከቧንቧው ይጀምራል። የጠራጊው ቤት ውሃ መጀመሪያ ደለል በሚያስቀር ማጣሪያ፣ ቀጥሎም በከሰል ማጣሪያ ያልፋል፤ ክሎሪን ሜምብሬኑን ስለሚበላው የከሰሉ ማጣሪያ የግድ ነው። ከሜምብሬኑ የወጣው ውሃ የቀረውን ጥቂት ማዕድን በሬዚን ውስጥ ጥሎ ወደ ታንከር ይገባል፣ ማዕድኑን የተሸከመው ትርፍ ውሃ ደግሞ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ሜምብሬኑ በዝግታ የሚያንጠባጥብ በመሆኑ፣ በተለይ ውሃው በሚቀዘቅዝበት ክረምት፣ ብዙዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራቀም አሳድረው ጠዋት ቫኑን ይሞላሉ። ከታንከሩ ውሃውን የሚገፋው ለብቻው በተቀመጠ ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ፓምፕ ነው፤ ባትሪው ቫኑ በሚነዳበት ጊዜ ከሞተሩ እንዲሞላ ይደረጋል። የፓምፑን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ መቶ ሜትር ያህል ቀጭን ጎማ የተጠቀለለበት ጥቅል፣ ከዚያም ከፋይበር መስታወት ወይም ከካርቦን ፋይበር የተሠራ እየተመዘዘ የሚረዝም ዘንግ ይከተላሉ። በዘንጉ ጫፍ ያለው ብሩሽ ሁለት ወይም አራት ቀዳዳ የውሃ መርጫ አለው። ጠራጊው መጀመሪያ የመስኮቱን ማዕቀፍ ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ ያሻል፤ ይህን ካላስቀደመ ማዕቀፉ ላይ የቀረው እድፍ በታጠበው መስታወት ላይ ይወርዳል። ከዚያ መስታወቱን ያሻል፣ በመጨረሻም ብሩሹን ከመስታወቱ ጥቂት አርቆ በውሃ ብቻ ያለቀልቀዋል። ሳሙና አይገባም፤ ሳሙናም የሚተን ነገር አይደለምና።

ጠራጊው በኪሱ የሚይዛት ትንሽ መለኪያ በውሃው ውስጥ ያለውን የሟሙ ነገሮች መጠን በሚሊግራም በሊትር ታሳያለች። በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ በሚመጣው የለንደን የቧንቧ ውሃ ንባቡ 300 አካባቢ ሲሆን፣ ከታንከሩ የሚወጣው ዜሮ እንዲሆን ይፈለጋል፤ አሥር ከደረሰ ነጥብ መታየት ይጀምራል። ግላስጎ ግን ከ1859 ጀምሮ ከሎክ ካትሪን ሐይቅ የሚመጣ እጅግ ለስላሳ ውሃ ስለምትጠጣ፣ የዚያ ከተማ ጠራጊ ያለ ሜምብሬን በሬዚን ብቻ ለረጅም ጊዜ ሊሠራ ይችላል። የለንደኑ ሬዚን ብቻውን ቢሠራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚጠግብ ወጪው እጅግ ይበዛል። በአንድ ደሴት፣ በአንድ ሙያ፣ የመሣሪያውን ዋጋ የሚወስነው ከእግር በታች ያለው ድንጋይ ነው።

ደንበኞች መጀመሪያ ላይ ይህን አሠራር አልወደዱትም። መስኮታቸው እርጥብ እንደሆነ ትቶ የሚሄድ ሰው ሥራውን ያልጨረሰ መስሏቸው ነበር፤ በአንዳንድ ያረጁ የእንጨት መስኮቶች ላይም ቅሬታቸው እውነት ነበረው፣ ቀለሙ የተላጠ ወይም የቆየ ማዕቀፍ ከታጠበ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንጠባጠቡ አይቀርምና። ከዚህ የባሰው ጉዳይ ግን ክብደት ነው። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎግራም በመሆኑ 650 ሊትር የሚይዝ ታንከር ከራሱ ክብደት ሌላ 650 ኪሎ ይመዝናል፤ ከአነስተኛ ቫን የመጫን አቅም አብዛኛውን ይጨርሳል። በግማሽ የተሞላ ታንከር ደግሞ በመታጠፊያ ላይ ውሃው ወዲያና ወዲህ እየተላጋ ቫኑን ስለሚያንገዳግድ፣ በውስጡ ማገጃ ግድግዳዎች ይሠሩለታል። ቫኑ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ድንገት ሲቆም ታንከሩ በክብደቱ ብዙ እጥፍ ኃይል ወደ ሾፌሩ ጀርባ ይገፋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታንከሩን በዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ ጠፍሮ መነሣት የተለመደ ነበር፤ በኋላ ግን አምራቾች ታንከሩን በብረት ማዕቀፍ ውስጥ አስገብተው፣ ማዕቀፉን በቫኑ ወለል አሳልፈው ከሥር ካለው ብረት ጋር በብሎን ማሰርና ይህንኑ በግጭት ሙከራ መፈተሽ ጀመሩ።