በቅጹ ላይ ያለችው ክፍት ቦታ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። በቤተ መጻሕፍት ሙያ ተመርቃ ከወጣች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። በነዚህ ወራት ያልቆመችበት የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የማስረጃዋን ፎቶ ኮፒ ይዛ ያልሄደችበት መሥሪያ ቤት የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ማስታወቂያ ከታች በኩል «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ ያላት/ያለው» ይላል። ልምድ የሚገኘው ከሥራ፣ ሥራ የሚገኘው በልምድ! እንቆቅልሹን የፈታ አገር ይሰጠው።

እንደ ምንም ተጠራች። መጽሐፍ እንዴት ይመደባል፣ ካታሎግ እንዴት ይዘጋጃል የሚለውን ስታጠና አነጋች። ሦስት ሰዎች ፊት ቀረበች። የተጠየቀችው ግን «የት ነው ያደግሽው? ወላጆችሽ ከወዴት ናቸው? ለማግባት አስበሻል?» የሚል ነው። ማታ ቤቴ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ሰዎቹ የጠየቁት ስለ ሥራው ነው ስለ እኔ?» አለችኝ። ቀጥተኛ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ታሪክ አጫወትኳት።

ሙያውን በትምህርት ቤት ማስተማር የጀመረው አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ ነው። መጻሕፍት የሚደረደሩበትን የአሥር ክፍል የቁጥር አመዳደብ ያወጣ ሰው ነው፤ ዛሬም በኛም አገር ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎች ላይ ቁጥሩን እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1887 ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤት ከፈተ። ከሃያዎቹ የመጀመሪያ ተማሪዎች አሥራ ሰባቱ ሴቶች ነበሩ። የኮሌጁ ባለአደራዎች ሴት ተማሪ አንፈልግም ብለው ክፍል ቢከለክሉት ዲዊ አንድ የዕቃ ማከማቻ አጽድቶ ማስተማር ጀመረ። ለዘመኑ ደፋር ሰው ነበር።

ነገር ግን ያው ደፋር ሰው ሴቶች አመልካቾችን ቁመታቸውን፣ ክብደታቸውን፣ የዓይናቸውንና የፀጉራቸውን ቀለም ይጠይቅ ነበር። ፎቶግራፍም ያስልክ ነበር። በሩን ከፈተና በሩ ላይ ሚዛን አስቀመጠ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ የዘመኑ ሙያ የራሱ መመዘኛ ነበረው። የካታሎግ ካርድ በእጅ የሚጻፍበት ጊዜ ስለነበር ትምህርት ቤቶቹ «የቤተ መጻሕፍት እጅ» የሚባል ወጥ የሆነ ክብ አጻጻፍ ያስተምሩ ነበር። ማንም ይጻፈው ማን፣ አንባቢ ካርዱን ሳይቸገር እንዲያነበው ነው። የጽሕፈት መኪና እስኪተካው ድረስ የእጅ ጽሑፍ ማማር የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ይህኛው ጥያቄ ቢያንስ ከሥራው ጋር ይገናኛል። የዓይን ቀለም ግን ከካርድ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ልጅቷን ይበልጥ ዝም ያሰኛት ቀጥሎ የነገርኳት ነው። ሬጂና አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1901 ቺካጎ ተወለደች። እዚያው ቺካጎ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠርታለች። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ መጥታ ለከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አመለከተች። ልምድ አላት፣ ወጣት ናት፣ መጽሐፍ ትወዳለች። ቅጹ ላይ «ዘር» የሚል ክፍት ቦታ አገኘች። የዘር ሐረጓ ከብዙ ወገን የተቀዳ ነው፤ ጥቁር አለበት፣ ነጭ አለበት፣ የአገሬው ቀደምት ሕዝብም አለበት። ስለዚህ አንድ ቃል ጻፈች፦ አሜሪካዊት።

ቃለ መጠይቁ ላይ ነጭ ስላልሆንሽ አሜሪካዊት ልትባዪ አትችዪም ተባለች። ከተቀጠርሽም የምትመደቢው ሃርለም ነው አሏት። በዚያን ጊዜ ጥቁር ሠራተኛ ወደ ጥቁሮች ሰፈር መላኩ የተለመደ ነበር። እሷም የተሰጣትን ይዛ 135ኛው መንገድ ላይ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄደች።

ታዲያ የላኳት ሰዎች ወዴት እንደላኳት ያወቁ አይመስለኝም። የቅርንጫፉ ኃላፊ ኧርነስቲን ሮዝ ነጭ ብትሆንም፣ ጥቁርና ነጭ ሠራተኞች አብረው እንዲሠሩ የምትተጋ ሰው ነበረች። የሃርለም ጸሐፊዎች የሚያነቡት፣ የሚከራከሩት እዚያ ነበር። ሬጂና ለጸሐፊዎች መሥሪያ ቦታ አመቻቸች፣ የንባብና የቲያትር ምሽት አዘጋጀች፣ መኖሪያ ቤቷንም ከፈተችላቸው። የዛሬ ምሁራን ስለ ሃርለም የጥበብ ዘመን ሲጽፉ የሷን ስም ሳያነሱ አያልፉም። እ.ኤ.አ. በ1926 የአርቱሮ ሾምበርግ የመጻሕፍትና የሰነድ ስብስብ በ10,000 ዶላር ተገዝቶ የገባውም እዚሁ ቅርንጫፍ ነው።

ይህ ማለት ግን መድልዎው ወደ በረከት ተለወጠ ማለት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ማጽናኛ አልወድም። ሬጂና ለዕድገትና ለደመወዝ ዓመታት መታገል ነበረባት። የታወቀው ምሁር ዱቦይስ ሳይቀር ተሟግቶላታል። የአንድ ቅርንጫፍ ኃላፊነት ያገኘችው በ1938 ነው፤ በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ በመምራት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። አንዲት ቃል ከጻፈችበት ቀን እስከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነጎደ። የባከነውን ማን ይቆጥረዋል?

ዲዊም የኋላ ኋላ ተቆጥሮበታል። የመሠረተው ክለብ አይሁዳውያንን አላስገባም በማለቱ ከግዛቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት የለቀቀው በራሱ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ስሙን ከትልቁ ሽልማቱ ላይ አነሳው። ቁጥሮቹ ግን መደርደሪያው ላይ አሉ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛም ክፍት ቦታ እየሞላን ያደግን ሰዎች ነን። በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚለውን ለዓመታት ሞልተናል፤ ሁለትና ሦስት ወገን ያለው ሰው እስክሪብቶ ይዞ ሲያመነታ ያላየ የለም። በንብረት ላይ ለሚሠራ ሰው «ዋስ አምጣ» ማለትም የኖረ ልማድ ነው፤ ዘመድ የሌለው ሙያ ቢኖረውስ? የሬጂና ታሪክ ሩቅ የማይመስለኝ ለዚህ ነው።

አንድ አንባቢ መጥቶ፣ «ያንን ቀይ ሽፋን ያለውን መጽሐፍ፣ ደራሲውን ረሳሁት» ቢል ምን ታደርጊያለሽ? ቤተ መጻሕፍት የሠራ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ትዕግሥትም፣ ዕውቀትም፣ ሰው አክባሪነትም የሚለካው እሱ ላይ ነው። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ይህችን ብቻ ቢጠይቋት ልጅቷን ያውቋት ነበር።

«እና እኔ ምን ልመልስላቸው ነበር?» አለችኝ ልትሄድ ስትነሳ።

«ምን ብለሽ መለስሽ?» አልኳት።

«አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብዬ።»

ውጤቱ በስልክ ይነገርሻል ተብላለች። እስካሁን አልተደወለም።