ሰይጣንን ልታስታርቅ የወረደችው እናት

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በመቅደሱ በር ላይ፣ ሁለት የቆዩ ትውውቆች አሉ። አንደኛው ሠይፉን መዝዞ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። ሁለተኛው ከእግሩ ሥር ተረግጦ ተጋድሟል። ሠዓሊው የሀገራችንን የአሣሣል ወግ ጠብቆ ለመልአኩ ፊት ለፊት የሚያዩ ሁለት ዓይኖች፣ ለሰይጣኑ ደግሞ በጎን የምትታይ አንዲት ዓይን ሰጥቷቸዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ እነዚህን ሁለቱን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ከዚህ ሥዕል በፊት ምን ነበሩ?

የአባቶቻችን መጻሕፍት መልስ አላቸው፤ ወንድማማቾች ነበሩ። አክሲማሮስ እንደሚተርከው ሳጥናኤል በመላእክት ከተማ ባለ ማዕረግ አለቃ ነበር። ፈጣሪ ተሰውሮ ሳለ «እኔ ነኝ የፈጠርኋችሁ» ብሎ ታበየ፤ የመላእክት ሠራዊትም ተናወጠ። ቅዱስ ገብርኤል ፈጣሪያችንን እስክናገኝ ድረስ እያንዳንዳችን በየቆምንበት እንጽና ብሎ አረጋጋቸው። ከዚያም ጦርነት ሆነ፤ መላእክት ሁለት ጊዜ ተሸንፈው በሦስተኛው በመስቀል ኃይል ድል አደረጉ። ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ የምናከብረው በዓል ቅዱስ ሚካኤል በሳጥናኤል ፈንታ የተሾመበት መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ሚካኤል የተቀመጠው ቀድሞ ባልንጀራው በነበረበት ወንበር ላይ ነው ማለት ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆን፣ በይሁዳ መልእክት እንደምናነበው፣ ስለ ሙሴ ሥጋ ከዲያብሎስ ጋር በተከራከረ ጊዜ እንኳ የስድብ ቃል ሊናገረው ያልደፈረው? ፍርዱን ለጌታ ተወ።

በምዕራቡ ዓለም ይህ ጥንታዊ ትውውቅ ወደ ወዳጅነት ተለውጦ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1990 ቴሪ ፕራቼትና ኒል ጌይማን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ደራስያን ባወጡት አስቂኝ ልብ ወለድ፣ አንድ መልአክና አንድ ጋኔን ከኤደን ገነት ጀምሮ ለሺህ ዘመናት ሲተያዩ ኖረው ወዳጆች ይሆናሉ፤ የምጽአትንም ቀን ለማስቀረት አብረው ይደክማሉ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2019 በቴሌቪዥን ተከታታይ ሆኖ ቀርቧል። እኛ ግን ከዚያ መጽሐፍ በፊት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የያዝነው ሌላ ታሪክ አለ፤ በእኔ ግምት ከዚያኛው ይልቅ የደፈረ ታሪክ ነው። በመልአኩና በሰይጣኑ መካከል አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ሽማግሌ ሆና ገብታለችና።

ይህች እናት ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ናት። የትውልድ አገሯ ሸዋ፣ ቡልጋ ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረች ይናገራሉ። ባለ ጸጋ፣ ባለ ትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ገድሏ ከሌሎች ብዙ ገድላት የሚለየው የጀግናይቱን ኃጢአት ሳይሸሽግ መጻፉ ነው። አንድ ቀን በቁጣ ተነሣሥታ በአገልጋይዋ አፍ ውስጥ የእሳት ትንታግ ጨመረች፤ አገልጋይዋም ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ ደንግጣ አለቀሰች፤ ሟቿ ብትነሣልኝ ይህን ዓለም እተዋለሁ ብላ ተሳለች። አገልጋይዋ ተነሣች፤ እርሷም ቤቷንና ሀብቷን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች። በኋላም ወደ ጣና ሐይቅ ተሻግራ በውኃው ውስጥ እየቆመች ስትጸልይ ኖረች። በጓንጉት ያለው ገዳሟ እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል፤ ነሐሴ 24 ቀንም በዓሏ ይከበራል። የግዕዙን ገድል ከጣልያንኛ ትርጉም ጋር እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ክርስቶስ ሠምራ ለፈጣሪዋ ያልተለመደ ልመና አቀረበች፤ ሰይጣንን ማርልኝ አለች። ሰይጣንን ስለወደደች አልነበረም፤ የአዳም ልጆች፣ ሥጋዋ የሆኑት፣ በእርሱ ምክንያት እንዳይጠፉ ብላ እንጂ። የጠቡ ምንጭ ቢደርቅ የሚሰቃይ አይኖርም ብላ አሰበች። ፈጣሪም አልተቆጣትም፤ ፈቃደኛ ከሆነ አምጪው ብሎ ቅዱስ ሚካኤልን ከእርሷ ጋር ላከው። እስቲ ይህን ጉዞ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከተው። አንዲት መነኩሲት ከፊት፣ ያ በሥዕሉ ላይ የምናውቀው ባለ ሠይፍ መልአክ ከኋላ ሆነው፣ ወደ ቀድሞ ባልንጀራው ደጅ ለእርቅ ይወርዳሉ።

ሰይጣን እርቁን አልተቀበለም። ተቆጣ፤ እጇን ይዞ ወደ ሲኦል ጎተታት። ያን ጊዜ ቅዱስ ሚካኤል ሠይፉን መዝዞ አወጣት። ነገር ግን ባዶ እጇን አልወጣችም። በሲኦል የነበሩ እጅግ ብዙ ነፍሳት በላይዋ ላይ ተጣብቀው አብረዋት ወጡ።

ይህን ታሪክ ከመጽሐፈ ሄኖክ ጋር ሳስተያየው ድፍረቱ ይበልጥ ይገለጥልኛል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ከሀገራችን ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ አድርሷቸዋል። በዚያ መጽሐፍ በአርሞንኤም ተራራ የወረዱት ሁለት መቶ መላእክት ከወደቁ በኋላ ሄኖክን የይቅርታ ማመልከቻ እንዲጽፍላቸው ይለምኑታል። ጸሐፊው ሄኖክ ጽፎ ያቀርባል፤ ልመናው ግን ይመለሳል። ስለ ሰው ልትለምኑ ይገባችሁ ነበር እንጂ ሰው ስለ እናንተ ሊለምን አይገባውም ይባላሉ። ክርስቶስ ሠምራ ያንኑ በር እንደገና አንኳኳች። ልዩነቱ ማንም አለመለመኑ ነው፤ በዳዩ ሳይጠይቅ ራሷ ሄደችለት። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ማር ይስሐቅ የርኅሩኅ ልብ ምልክት ለሰው፣ ለአዕዋፍ፣ ለአራዊት፣ ለአጋንንት እንኳ ሳይቀር መንደድ ነው ብሎ አስተምሯል። የቡልጋዋ እናት ያንን ትምህርት በእግሯ ሄዳበታለች። ሰው ገድላ ምሕረት ያገኘች ሴት፣ ከምሕረት ውጭ የሚቀር ፍጡር አለ ብላ ማመን ሳይከብዳት አልቀረም።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አጥር የሚጋሩ ሁለት አባወራዎች በወሰን ተጣልተው ለዓመታት አይነጋገሩም ነበር። ልጆቻቸውም በአንድ መንገድ ሲሄዱ አንዱ ሌላውን ሲያይ ይሻገር ነበር። አንድ እሑድ አያቴ ከሌሎች ሽማግሎች ጋር ሊያስታርቋቸው ሄዱ። አንደኛው አሻፈረኝ አለ፤ ሽማግሎቹን በነገር ሸንቁጦ በሩን ዘጋ። አያቴ አመሻሹ ላይ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲመለሱ «ዛሬስ ደከማችሁ፣ አባባ» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆይተው «ልጄ፣ ልጆቹ ሰምተዋል» አሉኝ። በማግስቱ የሁለቱ ቤት ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ ሲነጋገሩ አየሁ። አባቶቻቸው እስከ ሞት ድረስ አልታረቁም። ልጆቹ ግን አንዱ የሌላው ሚዜ እስከመሆን ደርሰዋል።

የክርስቶስ ሠምራ ገድል ትርጉሙ የገባኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ሽምግልናዋ በዋናው ጉዳይ ከሽፏል፤ ጠላት ጠላት እንደሆነ ቀርቷል። በጠቡ መካከል ተይዘው የነበሩት ግን ወጥተዋል። ሀገራችን ደግሞ ጠብ ያላነሣት፣ የሁለት ወገን ቁጣ በመሃል ያሉትን የማይበላባት ሀገር አይደለችም። «እምቢ ይሉ ይሆናል» ብለን ሳንሄድ የቀረንባቸው ደጆች ስንት ናቸው?

ቀራንዮ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ነው፤ ክፍለ ከተማችን የስሙን ግማሽ የወሰደው ምሕረት ለወንበዴ ከተሰጠበት ከዚያ ተራራ ስም ነው። ዛሬም በዚያ ደጅ ሳልፍ ሁለቱን ትውውቆች ቆሜ አያቸዋለሁ። አንደኛው ሠይፉን እንደመዘዘ፣ ሁለተኛው በአንዲት ዓይኑ ወደ ጎን እንዳየ ነው። እኔ ግን በመካከላቸው ሠዓሊው ያልሣላትን፣ እጇን የዘረጋችውን ሴት እፈልጋለሁ።